የሚያዝያ ጥያቄ

ለአንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በቦርድ አባልነት ያለ ደመወዝ የሚያገለግል ሰው ሥራው ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ «ስብሰባ እንቀመጣለን» ብሎ ይመልሳል፤ ይህም መልስ ሐሰት ባይሆንም ቅዳሴን ቆሞ ማርፈድ ነው ብሎ እንደ መተርጎም ያለ ነው፤ መቆሙ እውነት ነው፥ ምሥጢሩ ግን ገና አልተነገረም። በከተማችን የቦርድ አባልነት ከማዕርግ ስለሚቆጠር አንዳንዱ ሰው ስሙ በማኅበሩ ደብዳቤ ራስጌ ላይ መታተሙ ብቻ ይበቃዋል፤ ሌላው በመሥሪያ ቤቱ ያጣውን የማዘዝ ሥልጣን በዚህ ሊያገኘው ይመጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ዕፅዋትንና አእዋፍን ከልቡ ስለሚወድ ይመጣና የበጀት ዝውውር ሲነበብ ያንቀላፋል። ሦስቱንም ዓይነት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ፥ ሦስቱም በየጊዜያቸው ሲጠቅሙ አይቻለሁ። እኔ ግን በሙያዬ የሒሳብ ሰው በመሆኔ የገባሁት በአራተኛ በር ነው፤ የኦዲት ሪፖርት አንብቦ ለሌሎቹ የሚያስረዳ ሰው ተፈልጎ ነበርና።

ከዚያ ወዲህ እንደ ተረዳሁት የቦርድ አባል እጁ ጉድጓድ አይቆፍርም፥ ችግኝ አያፈላም፥ በተራራ ላይ ዘብ አይቆምም፤ በእጁ ያለው መሣሪያ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የጥያቄውም ጥበብ ካነጋገሩ ይልቅ በሚነሣበት ወራት ላይ ይገኛል። አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በአንድ ጊዜ በብዙ ዘመናት ውስጥ ይኖራል፤ የበጀቱ ዘመን ዐሥራ ሁለት ወር፥ የለጋሹ የፕሮጀክት ዘመን ሦስት ወይም አምስት ዓመት፥ የተከላው ዘመን አንድ ክረምት፥ የዋና ሥራ አስኪያጁም ዘመን በውላቸው ላይ እንደ ተጻፈው ነው፤ ጽድና ዝግባ ግን ከነዚህ ከአንዳቸውም ጋር ውል የላቸውም፥ ዛሬ የተተከለ ዝግባ በሙሉ ቁመናው የሚታየው የተከለው ትውልድ ካለፈ በኋላ ነውና። እንግዲህ በማኅበሩ ሥርዓት ውስጥ ከፕሮጀክቱ ጋር የማይከፈትና ከፕሮጀክቱ ጋር የማይዘጋ፥ እንጀራውም በሥራው ላይ ያልተመሠረተ፥ ስለ ዛፉ ዘመን እንዲያስብ የተሾመ አካል ቢኖር ቦርዱ ነው፤ ይህን ካላደረገ የቀረውን ሥራውን ሁሉ አንድ ጎበዝ የሒሳብ ሹምና አንድ ጎበዝ ጸሐፊ ሊሠሩለት ይችላሉ።

ሐምሌ በአገራችን የተከላ ወር ነው፤ ሹማምንቱም፥ የትምህርት ቤቱም ሕፃናት፥ የድርጅቱም ሠራተኞች አካፋና ችግኝ ይዘው ወደ ተራራ የሚወጡበት ነው። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉ በመንግሥት ከተነገረ ወዲህ ደግሞ አኀዝ ራሱ የሥራው ስም እስኪመስል ድረስ ገኖአል። በዚህ ላይ ተቃውሞ የለኝም፤ ሕዝብ በአንድ ቀን ለአንድ በጎ ነገር መነሣቱ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። ነገር ግን የቦርድ አባል በመስከረም የክንውን ሪፖርት ሲቀርብለት፥ የተተከለው ብዛት በሰንጠረዥ ተሰልፎ፥ ፎቶግራፉም አረንጓዴ ሆኖ ሲያይ፥ አጨብጭቦ ሰነዱን ከመዝጋቱ በፊት በሚያዝያ የሚጠይቀውን ጥያቄ ከወዲሁ በቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር ይገባዋል፤ ይኸውም «ከነዚህ ውስጥ በሚያዝያ ስንቱ ጸድቆ ይገኛል? ማንስ ይቈጥረዋል? የቈጠራውስ ወጪ ከየትኛው የበጀት አርእስት ይከፈላል?» የሚል ነው።

በሐምሌና በሚያዝያ መካከል የሚሆነውን የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የከተማ ሰብሳቢ ግን ካልተነገረው አያውቀውም። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ ሁሉ በቃርሚያው ላይ ይለቀቃል፥ ልቅ ግጦሹም ድንበር ስለማያውቅ ከእርሻው ወጥቶ ወደ ተከላው ይዘልቃል፤ ምስጥ አለ፤ ፀሐይ አለ፤ ጉድጓዱ በችኮላ ጥልቀት አጥሮ ከሆነ ሥሩ እርጥበት ሳያገኝ ይቀራል፤ ችግኙ በችግኝ ጣቢያው ከልኩ በላይ ቆይቶ ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ ተጠማዝዞ እንደ ሆነ፥ ይባስ ብሎም ከነላስቲኩ ተተክሎ እንደ ሆነ፥ በክረምቱ ለምልሞ ያታልልና በበጋው ይደርቃል። ይህን ሁሉ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ማንም ስለማያነሣ ሪፖርቱ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የመስክ ጉብኝት ለቦርዱ የሚታቀድበትን ወር እኔ ሁልጊዜ አጥብቄ እከራከራለሁ፤ ሹማምንቱ በሐምሌ ቦት ጫማ አድርገው ይሂዱ፥ እኛ ግን በሚያዝያ በአቧራው እንሂድ፤ በክረምት ጉብኝት የሚታየው አዝመራ ነው፥ በበጋ ጉብኝት የሚታየው ሥራ ነው። አንድ የመስክ አስተባባሪ እኛን በደረቅ ወራት ሲያየን መጀመሪያ የቁጥጥር ነገር መስሎት እንደ መከፋት ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን ሲያስበው የኖረውን ነገር ሁሉ፥ የዘቡን ደመወዝ ማነስ፥ የአጥሩን መፍረስ፥ የችግኝ ጣቢያውን ውኃ እጥረት፥ በመኪና ውስጥ ሳያቋርጥ ነገረን፤ በሐምሌ ግን ይህን ለመናገር ጊዜም ሰሚም አይኖረውም ነበር።

ከመትከል ይልቅ መከለል እንደሚበልጥ የሚያሳዩ ማስረጃዎችም በአገራችን አሉ፤ ይህ ነገር በቦርድ ጠረጴዛ ላይ በቂ ቦታ አያገኝም። በወላይታ በሁምቦ ተራራ ከ2,700 ሔክታር በላይ የተራቆተ መሬት የለማው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ በማፍላት አልነበረም፤ ከመሬት በታች ሕያው ሆኖ የቆየው ጉቶና ሥር እንዲያቆጠቁጥ፥ ገበሬውም ከሚያቆጠቁጡት ቡቃያዎች ብርቱዎቹን መርጦ ሌሎቹን እየገረዘ እንዲያሳድግ በመደረጉ ነው፤ ሥራው በወርልድ ቪዥን ረዳትነትና በገበሬዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ተጀምሮ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቦ፥ ማኅበራቱ ተራራው ከሚስበው ካርቦን ገቢ እስከ ማግኘት ደረሱ። ይሁን እንጂ የተከለለ መሬት ለሪፖርት አይመችም። በመጀመሪያው ዓመት የሚታየው ሣር ነው፤ በሁለተኛው ቁጥቋጦ ነው፤ ሪባን የሚቆረጥበት ቀን የለውም፥ የሚቈጠርም ችግኝ የለውም። የቦርድ አባል ለዚህ ዝምተኛ ሥራ ጠበቃ ካልቆመለት በበጀት ዝግጅት ጊዜ መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው።

በመከለል ላይ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው፤ መሬቱ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ሆነ ሲባል፥ ትናንት በዚያ ላይ ከብቱን ያሰማራ የነበረው ማን ነው? እንጨት ለቅማ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ገበያ ትወርድ የነበረችውስ? ስለ «የሕዝቡ የግንዛቤ ማነስ» በየሪፖርቱ መግቢያ የሚጻፈውን አንቀጽ ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይቀዘቅዛል፤ ያ አንቀጽ ከአዲስ አበባ የተጻፈ ነው፤ የተራራውን ሰው ያህል ስለ ተራራው መራቆት የሚያውቅ የለምና። የእንጦጦን ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ያየ ሰው፥ ዛፍ መቁረጥ የድንቁርና ሥራ ሳይሆን የምድጃ ጉዳይ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ የክለላ ዕቅድ ሲቀርብ እኔ የምፈልገው በሰነዱ ላይ ስለ ሣሩ የተጻፈውን ነው፤ የተከለለው ሣር በየዓመቱ ታጭዶ ለማን ይከፋፈላል? ከብት የሌላት ባልቴት ድርሻዋን መሸጥ ትችላለች? ይህ አንቀጽ ያለበት ክለላ ዘቡ ቢታመምም ይጠበቃል፤ የሌለበት ግን አጥሩ እሾህ ሳይሆን ብረት ቢሆንም በሌሊት ይፈርሳል።

ለዚህ ነገር የቆየ ምስክር በመንዝ አለ። የጓሳን አምባ ደጋ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያቆየው የመንግሥት አዋጅም የውጭ እርዳታም አልነበረም፤ ከአስቦና ከጌራ ትውልድ የሚቆጠሩት ባለ ርስቶች ቄሮ በሚባለው ሥርዓታቸው አለቆች እየመረጡ፥ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ነፍስ እንዲዘራ ቦታውን ለሦስትም ለአምስትም ዓመት እየዘጉ፥ በተወሰነ ጊዜ እየከፈቱ፥ ደንቡን የጣሰውን እየቀጡ ጠበቁት፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም በዚያ ጥላ ሥር ኖሩ። ሥርዓቱ እንከን አልነበረበትም ብሎ መናገር አይቻልም፥ ርስት የሌለውን ሰው ያገለለ ነበርና፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜም ሥልጣኑ ከመሠረቱ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ቦታው ቢጎዳም፥ የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ኮሚቴ መልሶ ጥበቃውን ማቋቋሙ እኔን ከሁሉ በላይ ያስገርመኛል። በዘመናዊ ቋንቋ ብንተረጉመው እነዚያ አለቆች ቦርድ ነበሩ፤ ልዩነታቸው ግን በሚጠብቁት ሣር የሚከደነው ጣራ የራሳቸው ጣራ መሆኑ ነው። እኛ በከተማ ተቀምጠን የምንወስነው ውሳኔ ቢሳሳት የእኛ ቤት አያፈስም፤ ስለዚህ ከኛ ወንበሮች ቢያንስ ጥቂቶቹ በአካባቢው ነዋሪዎች መያዝ አለባቸው እላለሁ፤ ይህም ሐሳብ ሲቀርብ የትራንስፖርትና የአበል ወጪ እየተጠቀሰ ሲገፋ መኖሩ አያሳምነኝም፥ በአንድ ዓውደ ጥናት ላይ ለሻይና ለአዳራሽ የምንከፍለው ያንን ወጪ ይሸፍነዋልና።

በደቡብ ጎንደር ያሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ታሪክም ከዚሁ ይገጥማል። በእመጓ መጽሐፋቸው ሰፊው አንባቢ የሚያውቃቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ሊቅ ናቸው፤ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናቱንና ምእመናኑን በማማከር በአንዳንድ ደብሮች ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ረድተዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ የምወድደው ጥበብ ድንጋዩ የተለቀመው ከጎረቤት እርሻ መሆኑ ነው፤ ገበሬው ማሳው ይጠራለታል፥ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ያገኛል፥ ከብቱም ቡቃያውን አይረግጥም። ከለጋሽ የሚጠየቀው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ከሕዝቡ የሚጠየቀው ስምምነት ግን ትልቅ ነው፥ ስምምነትም በሩብ ዓመት ሪፖርት ሰንጠረዥ ውስጥ የሚገባበት ዓምድ የለውም።

ስለ ገንዘብ ካነሣሁ ሕጉን ማለፍ አይቻልም፤ በአጭሩ እናገራለሁ፥ ሕግ የሚያስደስተው ጥቂት ሰው ነውና። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ማኅበራት ለአስተዳደር ሊያወጡ የሚፈቀድላቸው ከመቶ 30 ነበር፤ ይህ በቃሉ ሲሰማ ለጋስ ቢመስልም፥ በመመሪያው አተረጓጎም የመስክ ትራንስፖርትና ክትትል የመሰለው ሁሉ ወደ አስተዳደር ወጪ ይገባ ስለ ነበር፥ ሥራው ራሱ መሄድና ማየት ለሆነ ማኅበር መከራ ነበር፤ የጸደቀውን ለመቁጠር የሚሄደው መኪና ነዳጅ ከቢሮ ኪራይ ጋር በአንድ መዝገብ ይቈጠር ነበር። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ ከመቶ 20 ቢያወርደውም ለዓላማው ማስፈጸሚያ የሚውለውን ወጪ ከአስተዳደሩ ስለ ለየ ለኛ የተሻለ ሆኖ ተገኝቶአል። የቦርድ አባል ይህን የሚያነበው ጠበቃ ለመሆን አይደለም፤ «ሕጉ አይፈቅድም» የሚል መልስ ሲሰጠው ሕጉ በእርግጥ ይከለክል እንደ ሆነ፥ ወይስ ጥያቄው አስቸግሮ እንደ ሆነ ለመለየት ነው።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር ያለው ድንበር ግን በአዋጅ የሚሠመር አይደለም። ቦርዱ ሥራ አስኪያጁን ይቀጥራል፥ ዕቅዱንና በጀቱን ያጸድቃል፥ ኦዲቱን ይሰማል፥ ከዚያም ይወጣል፤ መውጣቱ ከመግባቱ ይልቅ ያስቸግራል። በየሳምንቱ ቢሮ እየመጡ የነጂውን ፈቃድ የሚፈርሙ፥ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛን በስልክ የሚያዝዙ ሰብሳቢ አይቻለሁ፤ ትጋታቸው የማይካድ ነበር፤ ሆኖም ሥራ አስኪያጁ ቀስ በቀስ መወሰን አቁመው መጠየቅ ጀመሩ፥ ሠራተኛውም ሁለት አለቃ ያለው ሰው የሚያደርገውን አደረገ፥ ለሚቀናው ለአንዱ ታዘዘ። በአንጻሩ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ድምፁ የማይሰማ፥ በስብሰባው ቀን ፖስታውን በጠረጴዛው ላይ የሚከፍት ቦርድም አለ፤ እንዲህ ያለው ቦርድ ሥራ አስኪያጁን በማመኑ ይመካል፤ መተማመን ግን ያላነበበ ሰው የሚሰጠው ስጦታ አይደለም። እኔ ሪፖርቱን የማነበው ከመጨረሻው ገጽ፥ ከተሰብሳቢ ሒሳቡ ጀምሬ ነው፤ ለመስክ ሥራ ተወስዶ ሳይወራረድ የከረመ ቅድሚያ ክፍያ ስለ ማኅበሩ ጤና ከመግቢያው አንቀጽ የበለጠ ይነግረኛል።

የጥቅም ግጭት የሚባለውን ነገር በሚመለከት በአገራችን ልዩ ችግር አለ፥ ሁላችንም በሥጋም ሆነ በጋብቻ ወይም በአብሮ አደግነት የተዛመድን ነንና። ግዥ ሲቀርብ የተጫራቹን ስም ሰምቶ «ይህ የአማቼ ልጅ ነው፥ እናንተ ወስኑ» ብሎ ከክፍሉ የሚወጣ ሰው ለማኅበሩ ያደረገው አገልግሎት በብዙ ንግግር ካደረገው ይበልጣል። መውጣቱም በቃለ ጉባኤው መጻፍ አለበት፤ የወጣበት ሰዓትና የተመለሰበት ሰዓት ጭምር። ቃለ ጉባኤን ብዙ ሰዎች የጸሐፊ ሥራ ብለው ይንቁታል፤ ለኔ ግን የቦርዱ እውነተኛ ሥራ የሚታየው በዚያ ነው። «ሰፊ ውይይት ተደርጎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እጠላዋለሁ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው አባል ምን እንደ ተባለ፥ ማን በምን ምክንያት እንደ ተጠራጠረ፥ የትኛው አማራጭ እንደ ተተወ ካላገኘ፥ ስለ ዛፉ ዘመን እናስባለን ማለታችን ምን ማስረጃ አለው?

በቅርቡ የገጠመን ክርክር ስለ ባሕር ዛፍ ነበር። ከማኅበራችን ክልሎች በአንዱ ጠርዝ ያሉ ገበሬዎች ከአጥሩ ውጭ፥ በማኅበሩ ችግኝ ጣቢያ የፈላ ባሕር ዛፍ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ለአንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፥ ከሥሩም ሌላ ዕፅ እንዲበቅል እምብዛም አይፈቅድም፤ ስንቶቻችን ወደዚህ ማኅበር የመጣነው ጽድና ወይራ፥ ኮሶና ዝግባ እንዲመለሱ ብለን ነው። በሌላው በኩል ግን ታሪክ አለ፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ ከነበረችበት ልትነሣ የተቃረበችውን አዲስ አበባን በቦታዋ ያጸናት ይኸው የባዕድ ዛፍ ነው፤ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፥ በጥቂት ዓመት ለቤትና ለምድጃ ይደርሳል። ገበሬው የሚያነደውና የሚሸጠው ካላገኘ የሚመጣው ወደ ተከለለው ወይራ ነው፤ ያኔ ዘቡ ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል፥ ማኅበሩም ከሕዝቡ ጋር።

ክርክሩ በሁለት ስብሰባዎች ቀጠለ። ከአካባቢው ተወክለው የተገኙ አንድ አባት፥ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ቆይተው፥ ከምንጩ ምን ያህል ርቆ እንደሚተከል ብቻ ጠየቁ፤ ጥያቄው የጠረጴዛውን ወሬ ሁሉ ወደ መሬት አወረደው። በመጨረሻ ከምንጩና ከወንዙ ርቀት ተወስኖ፥ በተከለለው ቦታ ውስጥ ግን አንድም እንዳይገባ፥ ችግኙ በዚህ ክረምት እንዲሰጥ፥ ውጤቱም በመጪው ዓመት ሚያዝያ እንዲታይ በድምፅ ብልጫ ወሰንን። እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለባሕር ዛፉ ነው። ሰብሳቢያችን ግን አልተስማሙም፤ የልዩነት ሐሳባቸው ከነምክንያቱ በቃለ ጉባኤው ላይ አንድ ገጽ ከግማሽ ይዞአል፥ ሁሉም አንብበው ፈርመውበታል።